ስለ ስመ መካናትና ስለ እግዚአብሔር መግቦት

በቅዱሳት መጻሕፍት የሚገኝ የአገር፥ የተራራና የውሃ ጕድጓድ ስም እንዲያው ለመለያ ያህል የተሰጠ አይደለም። አባቶች አንዳች ነገር በገጠማቸው ስፍራ ሁሉ ለዚያ ስፍራ ስም እያወጡለት፥ ስሙን ለልጅ እንደሚቀር ርስት አድርገው ትተውት ሄዱ። ስለዚህም የትርጓሜ መምህራን ንባቡን ከማተታቸው አስቀድሞ የቦታውን ስም ይፈታሉ፤ ከዚያም ምስጢሩን ያወርዱበታል። ልማዱ መልካም ነው፤ ብዙ ፍሬም ተገኝቶበታል። ዳሩ ግን በዚህ ልማድ ውስጥ አንድ ጥያቄ ተሸሽጎ ይኖራል፤ ይኸውም ስሙ የሚናገረውና በቦታው የተደረገው ነገር ሳይስማማ ሲቀር ምን ይባላል? የሚለው ነው።

ለዚህ ጥያቄ ቤተልሔምን የሚያህል ምሳሌ የለም። ትርጓሜዋ ቤተ ኅብስት፥ የእንጀራ ቤት ማለት እንደ ሆነ ጀማሪ ተማሪ እንኳ ያውቀዋል። ኤፍራታ የተባለው ጥንታዊ ስሟም ከፍሬ ጋር የተዛመደ ነው። እንግዲህ በሁለት ስም የተመሰከረላት ከተማ ከቶ የማትራብ ልትሆን ይገባት ነበር። መጽሐፈ ሩት ግን ገና ሲጀምር በምድሪቱ ረኀብ እንደ ነበረ፥ ኤሊሜሌክ የሚባል ሰውም ሚስቱንና ሁለቱን ልጆቹን ይዞ ከእንጀራ ቤት ወደ ሞዓብ፥ ከአሕዛብ አገር፥ እንጀራ ፍለጋ እንደ ተሰደደ ይናገራል። ከዚያ አስቀድሞ ራሔል ወደ ኤፍራታ በሚያስገባው መንገድ ላይ በምጥ ሞታ ተቀበረች፤ ከዚያም በኋላ በሄሮድስ ዘመን የዚያች ከተማ ሕፃናት በሰይፍ አለቁ። ስለዚህ አንድ የተማረ የከተማ ሰው «ስሙ እውነት ከሆነ ረኀቡ ከወዴት መጣ? ረኀቡ እውነት ከሆነ ስሙ ለምን ይሰበካል?» ብሎ ቢጠይቅ እንደ ተሳለቀ አይቈጠርበትም፤ ጥያቄው ከራሱ ከመጽሐፉ ወጥቶአልና። ጠያቂው የተራበ ሰው የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ ነገሩ ከክርክር አልፎ የሰባኪውን ኅሊና የሚመረምር ይሆናል።

ወደ መልሱ ለመድረስ ከቤተልሔም ጥቂት ፈቀቅ ብሎ፥ ሰዎች በራሳቸው አፍ ስም ካወጡላቸው ስፍራዎች መጀመር ይሻላል። ከእነዚህም ቀዳሚዋ በቃዴስና በባሬድ መካከል ያለችው የአጋር ጕድጓድ ናት። አጋር ከእመቤቷ ፊት ኰብልላ በምድረ በዳ በውሃ ምንጭ አጠገብ ሳለች መልአክ አገኛት። ያገኘችውን ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። ነጻነት አላገኘችም፤ ወደ እመቤቷ እንድትመለስ ታዘዘች እንጂ። እንጀራም አልተሰጣትም። ውሃው ደግሞ መልአኩ ሳይመጣ በፊት በዚያው የነበረ ነው። በእጇ የያዘችው አንዳች ነገር ሳይኖር፥ የዘርዋን ተስፋ ብቻ ሰምታ፥ ለተናገራት ለእግዚአብሔር «የሚያየኝ» የሚል ስም አወጣችለት፤ ጕድጓዱም የሚያየኝ የሕያው ጕድጓድ፥ ብኤርለሃይሮኢ፥ ተባለ። በኦሪት ለእግዚአብሔር ስም እንዳወጣች የተጻፈላት የመጀመሪያዪቱ ሰው ይህች ግብፃዊት ባሪያ መሆኗን ብዙ አንባቢ ሳያስተውለው ያልፋል።

ከዓመታት በኋላ ያቺው ሴት ጥቂት እንጀራና አንድ አቍማዳ ውሃ ተሸክማ ከልጅዋ ጋር ከአብርሃም ቤት ወጣች። በቤርሳቤህ ምድረ በዳ ውሃው አለቀ። ሕፃኑን ከቍጥቋጦ በታች ጥላ፥ ሞቱን እንዳታይ ቀስት ተወርውሮ የሚደርስበትን ያህል ርቃ ተቀመጠች። መጽሐፍ እግዚአብሔር ጕድጓድ ቈፈረላት አይልም፤ ዐይኗን ከፈተላትና የውሃ ጕድጓድ አየች ይላል እንጂ። ጕድጓዱ ከዚያው ነበረ። በመጀመሪያው ጊዜ እርሱ እንዳያት አወቀች፤ በሁለተኛው ጊዜ እርስዋ እንድታይ ተደረገች። መግቦት በእነዚህ በሁለት ማየቶች መካከል የሚደረግ ነገር ነው።

አብርሃምም በዚያው መንገድ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ከተራራው ደርሶ፥ እጁን በልጁ ላይ ካነሣ በኋላ፥ ዐይኑን ቀና ቢያደርግ በጉን በቀንዱ ተይዞ አየው። በጉ የተያዘባትን ዛፍ የኢትዮጵያ ሊቃውንት ዕፀ ሳቤቅ ይሏታል። ሳቤቅ በዕብራይስጥ ጥቅጥቅ ያለ ቍጥቋጦ ማለት ሲሆን ሰባው ሊቃናት ቃሉን ሳይመልሱ እንዳለ ትተውታልና፥ ወደ ግእዝ የተሻገረው እንደ ዛፍ ስም ሆኖ ነው። ተርጓሚው ዝም ባለበት ስፍራ ቃሉ ስም ሆነ፤ ከዚያም ስንት ምስጢር ተመሰጠረበት! ይህን በመንገድ ላይ ማንሣታችን ለሌላ አይደለም፤ ስም አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ባለ መንገድ እንደሚወለድ ለማስታወስ ነው። ወደ ነገሩ ለመመለስ፥ አብርሃም ተራራውን «በግ የተገኘበት» ወይም «ልጄ የተረፈበት» ብሎ ሊጠራው በተቻለው ነበር። እርሱ ግን ያህዌ ይርኤ አለው። ትርጓሜውን ብዙዎች «እግዚአብሔር ያዘጋጃል» ይሉታል፤ የቃሉ ሥር ግን ማየት ነው። መጽሐፈ ኩፋሌም ይህን ስም እግዚአብሔር ዐየ በሚል ፍች ይዞታል፤ ተራራውም ደብረ ጽዮን እንደ ሆነ ይጨምራል።

የዕብራይስጡ ራአህ፥ የግእዙ ርእየ አንድ ሥር ናቸው፤ የአማርኛውም «አየ» ከዚያው የወረደ ነው። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪ ይህን ምስጢር ለመረዳት ብዙ መድከም አያስፈልገውም። እናት ወደ ሩቅ አገር ስትሄድ ጎረቤቷን «ልጄን እይልኝ» ትላለች፤ በዐይንህ ተመልከትልኝ ማለቷ አይደለም፥ አብላልኝ፥ ጠብቅልኝ ማለቷ ነው እንጂ። ታሞ የተኛ ሽማግሌ «የሚያየኝ የለም» ሲል በደጁ የሚያልፍ ሰው ጠፋ ማለቱ አይደለም። ተበድሎ ዳኛ ያጣ ደሃም «እግዚአብሔር ይየው» ብሎ ዝም ይላል። እንግዲህ በዚህ ቋንቋ አይቶ አለመመገብ ራሱን የሚቃወም ነገር ነው፤ አይቶ ዝም ያለ ሰው አላየም ቢባል ይቀላል። ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ በሚወርደው መንገድ የተደበደበውን ሰው ካህኑም ሌዋዊውም አይተውታል፤ ወንጌል ግን ባልንጀራ የሆነው ሳምራዊው መሆኑን ይመሰክራል። በኢየሩሳሌም በበጎች በር አጠገብ በነበረችው መጠመቂያም፥ ስሟ ቤተ ሣህል፥ የምሕረት ቤት ማለት ነው ተብሎ በሚተረጐመው፥ መፃጉዕ ሠላሳ ስምንት ዓመት በደዌው ሲማቅቅ ኖረ። አምስት መመላለሻ በነበራት በዚያች ስፍራ ስንት ዐይን አይቶት ይሆን? እርሱ ግን ሰው የለኝም ነው ያለው።

ከዚህ ቀጥሎ የይስሐቅ ጕድጓዶች ይመጣሉ። የዚህን ታሪክ መነሻ ብዙ ሰው ይዘነጋዋል፤ እርሱም ደግሞ የሚጀምረው በረኀብ ነው። በምድር ላይ ረኀብ ስለ ሆነ ይስሐቅ ወደ ጌራራ ሄደ፤ በዚያም ዘርቶ በአንድ ዓመት መቶ እጥፍ አገኘ። ፍልስጥኤማውያንም ቀኑበት፤ አባቱ ያስቈፈራቸውን ጕድጓዶች ሁሉ ዐፈር ሞልተው ደፈኑአቸው። በውሃ ጥም በምታልቅ አገር ጕድጓድ መድፈን ምን ያህል ክፋት እንደ ሆነ፥ ለራስ እንኳ የማይጠቅም ክፋት መሆኑን፥ ቆላ የኖረ ሰው ያውቀዋል። ይስሐቅ ተመልሶ ቈፈራቸው፤ አባቱም በጠራቸው በዚያው ስም ጠራቸው። ከዚያ በኋላ የራሱን ጕድጓድ ቈፈረ፤ እረኞች ተጣሉበትና ስሙን ኤሴቅ፥ ጠብ፥ አለው። ሌላ ቈፈረ፤ በዚያም ተጣሉት፤ ስጥና፥ ጠላትነት፥ አለው፤ ሰይጣን የሚለው ስም ከተገኘበት ሥር የተገኘ ቃል ነው። ለሦስተኛው ግን የሚጣላው አልመጣም፤ እርሱን ርኆቦት፥ ስፋት፥ ብሎ ጠራው።

በዚህ ላይ የግእዝን ሰዋስው የተማረ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። በግእዝ «ርኅበ» በብዙኃኑ ኀ ሲጻፍ ተራበ ማለት ነው፤ «ርሕበ» በሐመሩ ሐ ሲጻፍ ደግሞ ሰፋ ማለት ነው። ዳዊት የደገመ ሁሉ የሚያውቀው «መርሕብ»፥ ማለት ሰፊ ስፍራ፥ ከዚህ ከሁለተኛው ይወጣል። በረኀብና በስፋት መካከል ያለው ልዩነት አንዲት ፊደል ብቻ ናት። ዛሬ በንባብ የሁለቱ ድምፅ አንድ ሆኖአልና፥ ጸሓፊ ቸል ያለ እንደ ሆነ ሰፊው ስፍራ የረኀብ ስፍራ ሆኖ ይቀራል። የርኆቦት ስም ራሱ በአማርኛ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በብዙኃኑ ኀ ነው፤ ዕብራይስጡን የሚከተል ግን በሐመሩ ሐ ሊጽፈው በተገባ ነበር። ፊደልን «ሞክሼ ነው፤ የትኛውም ቢሆን ግድ የለም» የሚሉ ሰዎች ይህን ቢመለከቱ መልካም ነው። ለባለ ቅኔ ይህ ትልቅ ኅብር ነው፤ በረኀብ ጀምሮ በስፋት የሚፈጸመው ምዕራፍ ሰምና ወርቁን ራሱ አዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ነገር ግን ኅብር ለቅኔ እንጂ ለሃይማኖት ማስረጃ አይሆንም። በዕብራይስጡ ረኀብ የሚጻፈው በዐይኑ ዐ ስለ ሆነ ሙሴ ሲጽፈው ይህን ቅርበት በግእዙ መጠን አላሰበው ይሆናል።

ማስረጃ የሚሆነው ሌላ ነው። ስፋቱ የተገኘው ምድሪቱ ስለ ሰፋች አይደለም። ይስሐቅ በኤሴቅ ቢከራከር ኖሮ ፍርድ የእርሱ ነበር፤ ጕድጓዱን የቈፈሩት ሎሌዎቹ ናቸውና። ተወላቸው። በስጥናም እንዲሁ ተወላቸው። በስሙ ላይ እግዚአብሔር ስፋት ሰጠን ብሎ ቢያመሰግንም፥ ያ ስፋት በእርሱ መልቀቅ በኩል የመጣ ነው። በወሰን ጠብ ስንት ቤት እንደ ጠፋ የሚያውቅ የባላገር ሽማግሌ ይህን ከማንም ሊቅ በተሻለ ይተረጕመዋል።

አሁን ደግሞ የተገላቢጦሹን መመልከት ይገባል። እስራኤል ከባሕረ ኤርትራ ተሻግረው ሦስት ቀን ያለ ውሃ ተጓዙ፤ ያገኙት ውሃም መራራ ነበርና ስፍራው ማራ ተባለ። የማራ ሥርና የአማርኛው «መራራ» ሥር አንድ ነው። በዚያ ውሃው ጣፈጠላቸው፤ ስሙ ግን መራራ እንደ ሆነ ቀረ። በራፊዲምም ዓለቱ ተመትቶ ውሃ ወጣላቸው፤ ሕዝብና ከብት ጠጣ። እንዲህ ያለ ስፍራ «የውሃ ዓለት» ወይም «የርኅራኄ ምንጭ» ሊባል በተገባ ነበር። የተባለው ግን ማሳና መሪባ፥ ፈተናና ክርክር ነው። ስጦታው ጠፍቶ ማጕረምረሙ ስም ሆነ። ድርጭት በነፋስ መጥቶ በሰፈሩ ዙሪያ በወደቀበት ስፍራ ደግሞ የቀረው ስም የምኞት መቃብር ነው፤ ለሁለት ክንድ ያህል ከፍ ብሎ የተከመረው ሥጋ ገና በጥርሳቸው መካከል ሳለ መቅሠፍት ደረሰባቸውና። መናውንም ራሱን ስም ያወጡለት ምን እንደ ሆነ ባለማወቃቸው ጠይቀው ነው። አርባ ዓመት የበሉት እንጀራ ስሙ ጥያቄ ሆኖ ቀረ።

አጋርንና ይህን ሕዝብ አስተያይቶ መመልከት ያሳዝናል። አንዲቱ ሳይሰጣት ያየኝ አለች፤ እነዚያ ተሰጥቶአቸው ክርክር አሉት። ሆኖም በእነርሱ ላይ ለመፍረድ መቸኰል አይገባም። የተጠማ ሕፃን ይዞ በምድረ በዳ የቆመ አባት ቢጮኽ ማን ይፈርድበታል? ከዚህም በላይ ሊደነቅ የሚገባው፥ እነዚህን አሳፋሪ ስሞች ጽፈው ያቈዩ የዚያው ሕዝብ ልጆች መሆናቸው ነው። አሸናፊ ነገሥታት በሐውልት የሚያስጽፉት ድላቸውን ነው፤ እስራኤል ግን የአባቶቻቸውን ማጕረምረም በቦታ ስም ላይ ትተው በመዝሙር ሲያነቡት ይኖራሉ። የመግቦት ታሪክ በእንዲህ ያለ እውነተኛ እጅ ካልተጻፈ ማን ያምነዋል?

አሁን የስምን ነገር ጠንከር አድርጎ የሚፈትን ሌላ ስፍራ አለ። አቤንኤዘር ማለት የረድኤት ድንጋይ ማለት ነው፤ ኤቤን የሚለውን ግእዝ እብን ይለዋል። ሳሙኤል በምጽጳና በሼን መካከል ድንጋይ አቁሞ እንዲህ ብሎ ጠራው፤ እግዚአብሔር እስከዚህ ድረስ መርዳቱን መሰከረ። ይህን ታሪክ ሁሉ ያውቀዋል። ጥቂት ምዕራፎች ወደ ኋላ የተመለሰ ግን ያንኑ ስም በሌላ መልክ ያገኘዋል። እስራኤል ከፍልስጥኤማውያን ጋር ሊዋጉ የሰፈሩት በአቤንኤዘር ነበር፤ በመጀመሪያው ቀን አራት ሺህ ያህል ሰው ወደቀባቸው። ታቦተ ሕጉን ከሴሎ አስመጥተው ምድር እስክትናወጥ ድረስ እልል አሉ፤ በሁለተኛውም ሠላሳ ሺህ እግረኛ ወደቀ፤ ታቦቱም ተማረከ። ሁለቱ ስፍራዎች አንድ ናቸው ወይስ ሁለት? በዚህ ነገር ሊቃውንት ይከራከራሉ። አንድም ይሁኑ ሁለት፥ መጽሐፉ ሽንፈቱን በረድኤት ስም ጠርቶ መጻፉ ያለ ምክንያት አይደለም። በስሙና በታቦቱ እንደ ውል ወረቀት የተማመኑት ተሸነፉ። ውል የያዘ ሰው ባለዕዳውን «ያለብህን ክፈል» ይለዋል። ምስክር የያዘ ሰው ግን የሚናገረው ያየውን ብቻ ነው፤ ስለ ነገ የሚያስገድደው ማንም የለም። ሳሙኤል እስከዚህ ብሎ ልኩን ወሰነ፤ ከዚህ ወዲያ አላለም።

ይህ ልዩነት ከተያዘ በኋላ ወደ እንጀራ ቤት መመለስ ይቻላል።

የቤተልሔምን ስም የጥንት ታሪክ የሚመረምሩ አንዳንድ ሰዎች ከአሕዛብ ጣዖት ስም ጋር ሊያያይዙት ሞክረዋል፤ ነገሩ አልጸናም። ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው የዐረቦቹ አጠራር ነው። ዐረቦች ቤት ለሕም ይሏታል፤ በእነርሱ ቋንቋ ደግሞ ለሕም ማለት ሥጋ ነው። የአንዱ ሥር ፍሬ በአንዱ አገር እንጀራ፥ በአንዱ አገር ሥጋ ሆኖ ተገኘ፤ ሁለቱም የሰው ዋና ምግብ በመሆናቸው ሊሆን ይችላል። ጌታ እንጀራው ሥጋው መሆኑን በቅፍርናሆም ያስተማረውን ለሚያምን ሰው ይህ ጣፋጭ ነገር ነው፤ ያንኑ ጥንቃቄ ግን እዚህም መያዝ ያስፈልጋል።

ለኢትዮጵያ ምእመን ቤተልሔም የሩቅ አገር ከተማ ብቻ አይደለችም። በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ፥ አብዛኛውን ጊዜ በምሥራቅ በኩል፥ ቤተልሔም የምትባል ትንሽ ቤት አለች። መልኳ የሚያስደንቅ አይደለም፤ ጢስ የጠገበች፥ ዱቄት የነካት ቤት ናት። ለቍርባን የሚሆነው ስንዴ የሚዘጋጀው፥ ኅብስቱ የሚጋገረው፥ የወይኑ ዘቢብ የሚታሸው በእርስዋ ነው። ከዚያ በኋላ ዲያቆናቱ ቃጭል እያሰሙ፥ ጥላ እየዘረጉ ወደ ቤተ መቅደስ ያስገቡታል። በቤተልሔም እንጀራ የነበረው በመቅደስ ሥጋ ይሆናል። ዐረቡና ዕብራዊው የተለያዩበትን ቃል የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት በሃምሳ እርምጃ መንገድ ያገናኘዋል ማለት ነው። ሆኖም ሊረሳ የማይገባው አንድ ነገር አለ። ወደዚያች ቤት የሚገባው ስንዴ ከሰማይ አይወርድም። ከአንድ ገበሬ አውድማ፥ ከአንዲት ባልቴት ቍና ይመጣል። ማንም ሰው ስንዴ ሳያመጣ የቀረ እንደ ሆነ ቤተልሔም ስሟን እንደ ያዘች ባዶ ቤት ሆና ታድራለች፤ ቅዳሴውም ይታጐላል።

በሩት መጽሐፍ የሆነውም ይኸው ነው። ኑኃሚን ባሏንና ሁለቱን ልጆቿን በሞዓብ ቀብራ፥ ከምራቷ ጋር ወደ ቤተልሔም የተመለሰችው የገብስ መከር ሲጀመር ነበር። እግዚአብሔር ሕዝቡን ጐብኝቶ እንጀራ እንደ ሰጣቸው በሞዓብ ሰምታ ነው የመጣችው። እንጀራው በአገሩ አለ፤ በእርስዋ ቤት ግን የለም። ለሁሉ የተሰጠው መግቦት ወደ አንዲት መበለት ማድጋ እንዴት ይደርሳል? ብዙ ስብከት ይህን ጥያቄ ሳይነካው ያልፋል። መጽሐፉ ግን አላለፈውም። የኦሪት ሕግ ባለ እርሻው ሲያጭድ ዳርቻውን ፈጽሞ እንዳያጭድ፥ የወደቀውን እንዳይለቅም፥ የረሳውንም ነዶ እንዳይመለስበት አዝዞ ነበር፤ ያ ለድሃ አደጉ፥ ለመበለቲቱና ለመጻተኛው ነው። ሩት ሦስቱንም ልትባል የምትችል ነበረች። ቦዔዝ ሕጉን ጠበቀ፤ ከሕጉም አልፎ ለአጫጆቹ ከነዶው ሆን ብለው እንዲጥሉላት ነገራቸው። እርስዋ እየቃረመች እስከ ማታ ሠራች፤ የቃረመችውን በወቃችው ጊዜ አንድ የኢፍ መስፈሪያ ያህል ገብስ ሆነ። ያን ቀን ቤተልሔም የእንጀራ ቤት ሆነች፤ ለሩት የሆነችላት በቃርሚያ ነው፥ ቃርሚያውም የተገኘው አንድ ሰው የእጁን ዳርቻ ስላላጠበበ ነው። እዚህ ላይ የይስሐቅ ስፋት ተመልሶ ይመጣል። ከብዙ ዘመን በኋላ ግን በዚያችው ከተማ፥ ከዚሁ ከቦዔዝ ዘር ለተወለደው፥ በእንግዶች ማደሪያ ስፍራ አልተገኘም።

ስለዚህ ለከተማው ጠያቂ የሚሰጠው መልስ፥ ስሙ ሐሰት ነው ወይም ረኀቡ የእምነት ማነስ ነው የሚል ሊሆን አይችልም። ሁለተኛው መልስ በተለይ ጨካኝ ነው፤ የሚናገሩትም ብዙ ጊዜ የጠገቡ ሰዎች ናቸው። ነቢዩ ኤልያስ በኮራት ፈፋ ቁራዎች ሲመግቡት ኖሮ ዝናም በመጥፋቱ ፈፋው ደረቀ፤ ኮራት የሚለውም ስም መቈረጥን የሚያመለክት ነው። የነቢዩ እምነት ጐደለ ተብሎ አልተጻፈም። ወደ ሰራፕታ ሂድ ተባለ እንጂ፤ በዚያም የመጨረሻ እፍኝ ዱቄቷን ጋግራ ከልጅዋ ጋር በልታ ልትሞት የተዘጋጀች የአሕዛብ መበለት ትጠብቀው ነበር። መግቦቱ ከቁራ ወደ ድሃ ሴት ተዛወረ። የሚመገበው ነቢይ ብቻም አልነበረም፤ እርስዋም ነበረች።

ኢትዮጵያ ይህን ሁሉ በመጽሐፍ ብቻ የምታነብ አገር አይደለችም። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ የቆየው ረኀብ፥ የከብት ዕልቂት በሬውን ጨርሶ እርሻውን ያጠፋበት፥ እስከ ዛሬ ክፉ ቀን ይባላል፤ ሕዝቡ ስም ያወጣው ለቦታው ሳይሆን ለዘመኑ ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ የሆነው ረኀብ ደግሞ ከዝናም ማነስ በላይ ባለመታየቱ ገደለ፤ ብዙ ወራት ተሸፍኖ ቆይቶ ዓለም ያየው በቴሌቪዥን ሥዕል ነው። በ1977 ዓ.ም.ም የኮረም ሰፈር ሥዕል በየአገሩ እስኪታይ ድረስ እህሉ አልመጣም፤ በታየ ጊዜ ግን መጣ። አጋር ለጕድጓዱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ሊደነግጥ ይገባዋል፤ እግዚአብሔር ያያል ብሎ መስበክ ቀላል ነው፥ የሚሰብከው ሰው ራሱ ዐይን ተሰጥቶታልና። ሐዋርያው ያዕቆብም የተራበውን ወንድም ጥገብ ብሎ በባዶ እጁ ያሰናበተውን ሰው ምን ጠቀመው ብሎ ጠይቆአል።

ኑኃሚን ወደ ቤተልሔም በገባች ቀን ከተማዪቱ ሁሉ ተንቀሳቀሰች፤ ሴቶቹም ይህች ኑኃሚን ናትን? አሉ። ኑኃሚን ማለት ደስታዬ፥ ጣፋጭቱ ማለት ነው። እርስዋም በዚህ ስም እንዳይጠሩዋት፥ ማራ እንዲሏት፥ ሁሉን የሚችል አምላክ ሕይወቷን እንዳስመረረባት ነገረቻቸው። ሙልት ብላ ወጥታ ባዶዋን እንደ ተመለሰች ተናገረች። በእንጀራ ቤት በር ላይ ቆማ፥ የምድረ በዳውን መራራ ውሃ ስም ለራሷ አወጣች። ሴቶቹ አልገሠጹአትም፤ እምነትሽ ጐደለ፥ እግዚአብሔርን አማረርሽ አላሏትም። ሰምተዋት ዝም አሉ፤ መከሩም ቀጠለ። በኋላ ሩት ወንድ ልጅ በወለደች ጊዜ ሕፃኑን ኑኃሚን በብብቷ ታቀፈችው፤ ስም ያወጡለትም እነዚያው ጎረቤቶች ናቸው፤ ለኑኃሚን ወንድ ልጅ ተወለደላት ብለው ኢዮቤድ አሉት። መጽሐፉም በዚያ በር ላይ ከተናገረችው ቃል በኋላ አንድ ጊዜ እንኳ ማራ ብሎ አልጠራትም።